መዝገቡ ላይ ያልሰፈሩት፦ ከአደጋ በኋላ ስለ ፍትሐዊነትና ስለ አንድነት ታሪክ የሚነግረን

አደጋ ድሃና ሀብታም አይለይም ሲባል እንሰማለን። ወንዝ ሲሞላ ወይም መሬት ሲንቀጠቀጥ ለዚያች ቅጽበት እውነት ይመስላል። በማግስቱ ግን መለየት ይጀመራል። መዝጋቢ ይመጣል፤ ቤቱ የማን እንደነበር ይጠየቃል፤ የይዞታ ማረጋገጫ ያለው ወደ አንድ ወገን፣ የሌለው ወደ ሌላ ወገን ይቆማል። ድንኳኑ ተነቅሎ አዲስ ቤት ሲሠራ ደግሞ ያ ልዩነት በድንጋይና በሲሚንቶ ይጸናል።

እኛ ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያውን ቀን አንድነት አናውቀውም የሚል የለም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የድሬዳዋው ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ሲወስድ ጎረቤት ጎረቤቱን ሲፈልግ አድሯል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሲሞቱ ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ቆፍረው ለማውጣት የሮጡ ነበሩ። የተቀበረው ሰው የማን ወገን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

አስቸጋሪው ሁለተኛው ዓመት ነው። ልቅሶው በርዶ፣ እርዳታው ቀንሶ፣ ቤትና መሬት መከፋፈል ሲጀመር ያ አንድነት ይቆያል ወይስ ይበተናል? በዚህ ጽሑፍ እንደኛ በማኅበር የተደራጁ የሌላ አገር ሴቶች ይህን ጥያቄ እንዴት እንደተጋፈጡት እናያለን። ታሪኩ የሚጀምረው ሕንድ ውስጥ ላቱር ከሚባል አካባቢ ነው።

በመሬት ልክ የተሰፈረ ቤት

መስከረም 20 ቀን 1986 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 1993)፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ በማሃራሽትራ ክፍለ ግዛት የላቱርና የኦስማናባድ ወረዳዎች በመሬት መንቀጥቀጥ ተመቱ። ሕዝቡ የጋኔሽን በዓል አክብሮ አምሽቶ እንቅልፍ ላይ ነበር። መንቀጥቀጡ በመለኪያው ከ6 እምብዛም የማይበልጥ ቢሆንም ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ገደለ።

ይህን ያህል ሰው የሞተው በቤቱ አሠራር ምክንያት ነው። በአካባቢው የባለመሬት ቤት የሚሠራው ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ በጭቃ ተገንብቶ፣ በላዩ ላይ በእንጨት የተደገፈ ከባድ የአፈር ጣራ ተጭኖበት ነበር። ይህ ቤት የቀን ሙቀትን ይከላከላል፤ ለባለቤቱም ክብር ነው። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ግን ድንጋዩን የሚያስተሳስረው ነገር ስላልነበረ ግድግዳው ተናደ፣ ጣራውም በተኙት ላይ ወደቀ። በቀላል ጎጆ ይኖር የነበረው ድሃ የወደቀበት ክብደት ያነሰ ነበር።

ፈጽመው የፈረሱ 52 መንደሮች ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረው እንደ አዲስ እንዲሠሩ መንግሥት ከዓለም ባንክ ጋር ሆኖ ወሰነ። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ስንት ካሬ ሜትር ቤት ይሰጠው የሚለው ጥያቄ ወዲያው ተነሣ። መለኪያ ሆኖ የተመረጠው ቤተሰቡ ከአደጋው በፊት የነበረው የእርሻ መሬት ስፋት ነው። መሬት የሌለው ወይም ከአንድ ሄክታር ያነሰ ያለው 23 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ከአንድ እስከ ሰባት ሄክታር ያለው 37 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ከሰባት ሄክታር በላይ ያለው ደግሞ 70 ካሬ ሜትር ገደማ ቤት ተወሰነለት።

ይህን የወሰኑት ሰዎች ፍትሕን የጣሉ አልመሰላቸውም። ብዙ ያጣ ብዙ ይመለስለት የሚል የራሱ ሚዛን ነበራቸው። ትልቅ ቤት የነበረውና ዘመዶቹን በአንድ ግቢ ያኖር የነበረ ገበሬ በአንድ ክፍል ቤት ቢገባ ተበደልኩ ይላል፤ አቤቱታውም ከንቱ አይደለም። በሌላ በኩል በሰው ማሳ ላይ በቀን ሥራ የምትኖር፣ አምስት ልጆች ያሏት እናት ጠባቧ ቤት የደረሰቻት የሚያስፈልጋት ትንሽ ስለሆነ አልነበረም። ቀድሞም ምንም ስላልነበራት ነው። በዚህ መንገድ የትናንቱ ድህነት ለነገው ቤት መስፈሪያ ሆነ።

ስለዚህ ከአደጋ በኋላ ፍትሐዊነት በሚለው አንድ ቃል ሥር ሁለት ሐሳቦች ይጋጫሉ። አንደኛው የጠፋውን መመለስ ነው፤ ሁለተኛው የሚያስፈልገውን መስጠት። ሁለቱም ፍትሕ ይባላሉ፤ ውጤታቸው ግን የተለያየ ነው። አብረው የተቀመጡ ሰዎች የትኛውን እንደመረጡና ለምን እንደመረጡ በግልጽ ካልተነጋገሩ፣ ምርጫው በቢሮ ውስጥ ተወስኖ መንደሩ ውስጥ ቂም ሆኖ ይወጣል።

በላቱር ሌላም ነገር ተጨመረ። አዲሶቹ መንደሮች ሲነደፉ ተመሳሳይ ስፋት ያላቸው ቤቶች በአንድ ሰፈር ተደረደሩ። እያንዳንዱ ሰፈር የመሬት ባለቤትነት ደረጃ ማሳያ ሆነ። የድሮው መንደር ጠባብ መንገድና ሴቶች አብረው እህል የሚያበጥሩበት የጋራ ግቢ ነበረው፤ አዲሱ እንደ ከተማ ሰፊና ቀጥ ያለ መንገድ ተዘረጋለት። አንዳንዱን መንደር የሠሩት ለጋሾችና ግብረ ሰናይ ድርጅቶች በመሆናቸው፣ የቤቱ ንድፍና ጥራት እንደየለጋሹ ተለያየ። አደጋው በአንድ ሌሊት እኩል ያደረጋቸውን ሰዎች ግንባታው በሁለትና በሦስት ዓመት መልሶ ለያያቸው።

ሁለት ሴቶች በየመንደሩ

የላቱር ታሪክ በዚህ ብቻ ቢያበቃ ለእኛ የሚጠቅም ብዙ ነገር ባልኖረው ነበር። ከ52ቱ መንደሮች ውጭ ግን ቤታቸው የተሰነጠቀና በከፊል የፈረሰ ከ1,000 በላይ ሌሎች መንደሮች ነበሩ። እዚያ የተመረጠው መንገድ ሌላ ነው። ቤተሰቡ በነበረበት ቦታ ሆኖ፣ ገንዘብ በየደረጃው እየተሰጠው፣ ቤቱን ራሱ እንዲጠግንና እንዲያጠናክር ተደረገ።

ገንዘብ መስጠት ብቻውን ግን አልበቃም። ሰዎች ስንት እንደሚገባቸው አያውቁም ነበር። ግድግዳውን ዙሪያውን እንደ መቀነት የሚያስር የብረትና የሲሚንቶ ማሰሪያ ለምን እንደሚያስፈልግ የነገራቸው ስላልነበረ፣ ገንዘቡን ለሌላ ነገር ማዋል ይሻላል የሚሉ ነበሩ። መሐንዲሱ ሲመጣ የሚያነጋግረው ወንዶችን ነው፤ ከወንዶቹም የተከበሩትን። ባሏ የሞተባትና መሬት የሌላት ስብሰባው ላይ ቢገኙ እንኳ ከዳር ነበር የሚቆሙት።

ፕሬማ ጎፓላን የመሠረቷት ስዋያም ሺክሻን ፕራዮግ የተባለችው ድርጅት በዚህ ጊዜ ለመንግሥት አንድ ሐሳብ አቀረበች። የድርጅቷ ስም በራስ መማር ላይ የተመሠረተ ሙከራ እንደ ማለት ነው። ሐሳቡም በየመንደሩ ካሉት የሴቶች ማኅበራት ሁለት ሁለት ሴቶች ተመርጠው በሕዝቡና በፕሮጀክቱ መካከል አገናኝ ይሁኑ የሚል ነበር። መንግሥትም ተቀበለው። እነዚህ ሴቶች ሳምቫድ ሳሃያክ ተባሉ፤ የውይይት ረዳት ማለት ነው።

ሥራቸው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ቤት ለቤት እየዞሩ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚገባውን ይነግራሉ። ስብሰባ ይጠራሉ። ግንበኛው ማሰሪያውን በትክክል መሥራቱን፣ ሲሚንቶው አለመጉደሉን ያያሉ። ስሙ የቀረበት ሰው ካለ ለባለሥልጣን ያሳውቃሉ። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት በአደባባይ ተናግረው የማያውቁ፣ ስለ ግንባታ የሚጠይቃቸው ሰው ያልነበረ ሴቶች ናቸው። ስለ ሲሚንቶ መጠንና ስለ ብረት ውፍረት ተማሩ፤ ከመሐንዲሶች ጋር ፊት ለፊት ተነጋገሩ።

የእነዚህ ሴቶች መኖር የቤቱን ጥንካሬ ብቻ አልጠቀመም። እስከዚያ ድረስ ማን ምን ያህል እንደተፈቀደለት የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ሰው የማያውቀውን ነገር በጥርጣሬ ይሞላዋል፤ የእነ እገሌ ወገን ብዙ ወሰደ ይባላል፣ ወሬው ከቤት ቤት ይዞራል። ዝርዝሩ በሴቶቹ ስብሰባ ላይ ሲነገር ግን ያለው ስህተት በስህተትነቱ ይታያል፤ ስህተት ደግሞ ይታረማል። ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ የሚያነሣው ክስ ሳይሆን ሁለቱ አብረው የሚያቀርቡት አቤቱታ ይሆናል። አንድነት እንደዚህ ባለ ተራ ሥራ ነው የሚገነባው።

የጥገናው ሥራ ሲያልቅ ማኅበራቱ አልፈረሱም። ወደ ቁጠባና ብድር ገቡ፤ የውኃውን፣ የጤና ጣቢያውንና የትምህርት ቤቱን ጉዳይ መከታተል ቀጠሉ።

ተከራይ፣ መበለት፣ ዳሊት

ነሐሴ 11 ቀን 1991 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 1999) በቱርክ የማርማራ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ17,000 በላይ ሰዎችን ገደለ። እዚያ መለያው መስመር በባለቤትና በተከራይ መካከል ተሰመረ። መንግሥት ቋሚ ቤት የመስጠት ግዴታ የገባው ቤት ለነበራቸው ነው። ተከራይ ድንኳንና ጊዜያዊ መጠለያ አገኘ፤ ቋሚ ቤት ግን የሚጠይቅበት መብት አልነበረውም። በፈረሰው ፎቅ ላይ ግድግዳ ተጋርተው ይኖሩ ከነበሩ ሁለት ቤተሰቦች አንዱ ቤት ይሰጠዋል፤ ሌላው ኪራይ ፍለጋ ይሄዳል፤ ኪራዩ ደግሞ ቤት በመጥፋቱ ምክንያት ይወደዳል።

በ1986 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተ፣ የሴቶችን ሥራ የሚደግፍ አንድ የቱርክ ድርጅት በመጠለያ ሰፈሮቹ ውስጥ የሴቶችና የሕፃናት ማዕከላት ከፈተ። እናቶች ልጆቻቸውን አስቀምጠው ተሰበሰቡ፤ ባለሥልጣናትን እየጋበዙ ስለ ቤቱ ዕቅድ ጠየቁ። ከሕንድ ሴቶች ጋርም ተገናኝተው ልምድ ተለዋወጡ። ዱዝጄ በምትባለው ከተማ ተከራዮች የቤት ሠሪ ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ከአሥር ዓመት በላይ በፈጀ ሙግትና ሰልፍ መሬት አግኝተው ቤታቸውን ለመሥራት በቁ። ድሉ ትልቅ ነው። ያም ሆኖ ድንኳን ውስጥ የተወለደ ልጅ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ የቆየ ፍትሕ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍልም ያሳያል።

ጥር 18 ቀን 1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 2001) ተራው የሕንዷ ጉጃራት ሆነ። ከ13,000 በላይ ሰው ሞተ። ከላቱር የተነሡ ሴቶች ወደዚያ ሄደው በራሳቸው መንደር ያዩትን ለጉጃራት ሴቶች ነገሩ። መንደሮቹ በውጭ ድርጅት ከመሠራትና ገንዘቡን ተቀብለው ራሳቸው ከመሥራት እንዲመርጡ ሲጠየቁ አብዛኞቹ ራሳቸው መሥራትን መረጡ። በ1972 (እ.ኤ.አ.) በኤላ ባት የተመሠረተው ሴዋ የተባለው የሴት ሠራተኞች ማኅበርም በአካባቢው ብዙ አባላት ነበሩት። በጥልፍ የሚተዳደሩት አባላቱ ከሁሉ በፊት የጠየቁት ሥራ ነበር፤ ጨርቅና ክር እንዲቀርብላቸው። በእጃቸው ገቢ ያላት ሴት ተራ ጠባቂ ብቻ እንዳልሆነች እኛም ከራሳችን ማኅበር እናውቃለን። ያም ሆኖ በአንዳንድ መንደሮች አዲስ ቤት ሲሠራ ዳሊቶች፣ ማለትም በካስት ሥርዓቱ ከሁሉ በታች የተደረጉት ወገኖች፣ ለብቻቸው ተሠርቶላቸዋል። ድሮም ተለይተው ይኖሩ ነበርና አዲሱ ንድፍ የድሮውን ግንብ ሳይነካው አለፈ።

ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2004) የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ የታሚል ናዱን ጠረፍ ሲመታ የሆነው ደግሞ ለእኛ ለእድርተኞች በተለይ ትምህርት ይሰጣል። የዓሣ አጥማጆቹ መንደሮች ጠንካራ ባህላዊ ሸንጎ አላቸው። ሸንጎው አባላቱን መዝግቦ ይይዛል፣ መዋጮ ይሰበስባል፣ ጠብ ይዳኛል። እርዳታ ሲመጣ ለጋሾች ይህን አደረጃጀት ሲያገኙ ተደሰቱ፤ በእሱ በኩልም ብዙ እርዳታ ተከፋፈለ። ነገር ግን የሸንጎው አባላት ወንዶች ናቸው፤ መዝገቡም የዓሣ አጥማጁ ማኅበረሰብ መዝገብ ነው። በአጠገቡ የሚኖሩት፣ ማሳቸው በጨው ውኃ የተበላሸባቸውና የቀን ሥራ ያጡ ዳሊቶች በብዙ ቦታ ከዝርዝሩ ውጭ ሆኑ። አካለ መጠን ያደረሰ ወንድ በቤቷ የሌላት መበለትም ድምፅ አልነበራትም። በሌላ በኩል የሞቱትን እንዲያነሡና ፍርስራሹን እንዲጠርጉ ከሌሎች ከተሞች ጭምር የመጡት የጽዳት ሠራተኞች በብዛት ዳሊቶች ነበሩ።

ክፉ ሰው ስለበዛ አይደለም ይህ የሆነው። ሸንጎው ለአባላቱ ታማኝ ነበር። ጉድለቱ የማኅበሩ መዝገብና የአደጋው ተጎጂዎች መዝገብ አንድ ተደርገው መወሰዳቸው ነው። ከዚያው ቦታ የምንማረው በጎ ነገርም አለ። የታሚል ናዱ መንግሥት አዲሶቹ ቤቶች በባልና በሚስት የጋራ ስም እንዲመዘገቡ ወሰነ። ባሏ ቤቱን ሊሸጥ ቢነሣ ሚስት የምትናገርበት ወረቀት አላት ማለት ነው። አንድ መስመር ጽሕፈት ብዙ ስብከት የማይሠራውን ይሠራል።

ወደ እኛ ቤት ስንመጣ

እድር፣ ዕቁብ፣ ደቦና የሴቶች ማኅበር የአገራችን ኩራት ናቸው። አደጋ ሲመጣ ከማንም ቀድመው የሚደርሱት እነርሱ ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው በምክንያት ነው። ጥንካሬያቸው ከመዝገቡ ይመነጫል፤ ማን እንደከፈለ፣ ማን እንደቀረ፣ ለማን እንደሚገባ ይታወቃል። የታሚል ናዱ ሸንጎም ያለው ጥንካሬ ይኸው ነበር። ስለዚህ መዝገባችንን ስናከብር ከመዝገባችን ውጭ ማን እንዳለ ማወቅም ይገባናል። በሰው ቤት ተቀጥራ የምታድር ልጅ በየትኛውም እድር ስሟ ላይኖር ይችላል። በወር ኪራይ ጓዳ ተከራይታ የምትኖር እናት፣ ለአዝመራ ከሌላ አካባቢ የመጣ የቀን ሠራተኛ፣ ሌላ ቋንቋ የሚናገር አዲስ ጎረቤት፣ በአካል ጉዳት ምክንያት ከስብሰባ የቀረች ሴት፣ እነዚህ ሁሉ ጎርፉ ሲመጣ በአንድ መንገድ ላይ የሚኖሩ ናቸው።

ከላይ ካየናቸው ታሪኮች ተነሥተን በየቡድናችን ደህና ቀን ሳለ እንድንነጋገርባቸው የምናቀርባቸው ጥያቄዎች አሉ።

የመጀመሪያው ማን ይቆጠራል የሚለው ነው። በሰፈራችን አደጋ ቢደርስ የአባላት መዝገብ ለመዋጮው ያገልግል፤ የተጎጂዎች ዝርዝር ግን በዚያ ቦታ የሚኖረውን ሁሉ፣ ባለቤትም ተከራይም ሳይል የሚይዝ ሌላ ዝርዝር ይሁን።

ሁለተኛው በማን ስም የሚለው ነው። ቤት፣ ገንዘብ ወይም የእህል ዘር ሲሰጥ በአባወራው ስም ብቻ ቢጻፍ ነገ በፍቺ ወይም በሞት ጊዜ ሴቲቱ እንደገና ተፈናቃይ ትሆናለች።

ሦስተኛው በምን መስፈሪያ የሚለው ነው። የጠፋውን እንመልስ ወይስ የሚያስፈልገውን እንስጥ? ምናልባት ለሁሉም እኩል የሆነ መነሻ ተደርጎ፣ ከዚያ በላይ ያለው በቤተሰብ ብዛትና በችግር መጠን ሊወሰን ይችላል። መልሱ ከቦታ ቦታ ቢለያይም ጥያቄው ከአደጋው በፊት መነሣት አለበት። ከአደጋው በኋላ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ የሚስማማውን ሚዛን ይዞ ስለሚመጣ መስማማት ይከብዳል።

አራተኛው ዝርዝሩ የት ይነበባል የሚለው ነው። በላቱር እንዳየነው በቢሮ ተዘግቶ የሚቀር ዝርዝር ጥርጣሬን ይወልዳል። በእድር ድንኳን ሥር፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ቅጥር፣ ሁሉም በሚገባው ቋንቋ ይነበብ፤ ስሜ ቀርቷል የምትልም በዚያው ትናገር።

ይህን ጋዜጣ ለሚያነቡ ደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። ለአንድ ሰፈር ያማረ ቤት ሠርቶ ለአጎራባቹ ምንም ሳያደርጉ መሄድ የሁለቱን ሰፈር ጉርብትና ያሻክራል። ከአንድ ሕንፃ ላይ ከሚሰቀል ሰሌዳ ይልቅ፣ በየሰፈሩ ዝርዝሩን የሚከታተሉ፣ ሲሚንቶውን የሚያዩ፣ የቀረውን ስም የሚያስገቡ ሴቶች ሥልጠናና የትራንስፖርት ወጪ ብዙ ይሠራል። ይህ ወጪ በፎቶግራፍ አይታይም። ቤቱ ግን የሚጸናው፣ ጎረቤትም ከጎረቤቱ ጋር ቡና ተጠራርቶ የሚኖረው በእሱ ነው።

በሚቀጥለው ወር ስብሰባ እያንዳንዱ ቡድን የሰፈሩን ዝርዝር ጀምሮ እንዲመጣ እንጠይቃለን። የአባላትን ስም ጸሐፊዎቻችን ስለያዙት እሱን መጻፍ አያስፈልግም። የምንፈልገው በአጠገባችን እየኖሩ በየትኛውም መዝገብ ላይ ያልሰፈሩትን ነው።